ሃይስኩል ኮክሰን ነሽ? ኮሌጅ ቲም ለመግባት ከአሁኑ ምን ትሠሪያለሽ

ይሄን የምጽፈው ሃይስኩል ውስጥ ኮክሰን ሆነው ኮሌጅም ሲገቡ መቀጠል ለሚፈልጉ ልጆች ነው፣ በተለይ ደሞ ቤተሰባቸው ስፖርቱን ጨርሶ ለማያውቀው። ዲሲ ዙሪያ የጀልባ ቀዘፋ ቲም ያላቸው ሃይስኩሎች ብዙ ናቸው። አሌክሳንድሪያ ሲቲ ሃይስኩል ፖቶማክ ላይ ይቀዝፋል፣ የፌርፋክስ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ደሞ ኦኮኳን ላይ ሳንዲ ረን የሚባለው ቦታ ይሠራሉ፣ እነዚህ ሰፈሮች ደሞ የኛ ሰው በብዛት የሚኖርባቸው ናቸው። በ"አንቺ" ነው የምጽፈው ምክንያቱም የኮሌጁ በር ለሴቶች ሰፋ ያለ ነው። ወንድ ከሆንክ አብዛኛው ላንተም ይሠራል፣ የሚለያይበት ቦታ ስደርስ እናገራለሁ።

ለወላጆች ባጭሩ፣ ኮክሰን ማለት ጀልባው ላይ የማትቀዝፈው ልጅ ናት። 8ቱ ቀዛፊዎች ጀርባቸውን ለመድረሻው ሰጥተው ነው የሚቀዝፉት፣ ወደፊት የምታየው እሷ ብቻ ናት። 18 ሜትር ገደማ የሚረዝም ጀልባ በገመድ ትመራለች፣ በማይክ ትናገራለች፣ የአሰልጣኙን ፕላን ውሃው ላይ የምታስፈጽመው እሷ ናት፣ የልጆቹ ደህንነትም እሷ እጅ ላይ ነው። "ተቀምጦ መጮህ" የሚሉ ሰዎች አንድ ቀን ድልድይ ስር ጀልባ ሲያልፍ ቆመው ቢያዩ ጥሩ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ቀዛፊ የሆነች ልጅ ኧርግ (የቀዘፋ መለማመጃ ማሽን) ላይ ተቀምጣ 2000 ሜትሩን በስንት ደቂቃ እንደጨረሰች ለኮቹ ትልካለች፣ ኮቹ ቁጥሩን አይቶ በ10 ሰከንድ ያውቃታል። አንቺ ቁጥር የለሽም። ያሸነፍሽው ውድድር እንኳን ቀዛፊዎቹ ጠንካራ ስለነበሩ ይሁን አንቺ ስለመራሽው በወረቀት አይታወቅም። ስለዚህ ሥራሽ የሚታወቀው በድምፅሽ፣ በመሪ አያያዝሽና አብረውሽ የቀዘፉት ሰዎች ስላንቺ በሚሉት ነው። ይሄ ደሞ 12ኛ ክፍል ላይ በአንድ ወር የሚሰበሰብ ነገር አይደለም፣ ከ10ኛ ክፍል ጀምሮ እየተጠራቀመ የሚመጣ ነው።

1. የምትገቢበትን ዓለም ለዪ

የሴቶች ቀዘፋ የኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር) ሻምፒዮና ያለው ስፖርት ነው፣ ከ1997 ጀምሮ። ዲቪዥን 1 (ከኤንሲኤኤ 3 ደረጃዎች ከፍተኛው) ላይ አንድ ኮሌጅ ለሻምፒዮናው 2 የስምንት ጀልባና 1 የአራት ጀልባ ነው የሚያሰልፈው፣ 3ቱም ኮክሰን ይፈልጋሉ፣ ነጥቡም ከ3ቱ ተደምሮ ነው። ታይትል ናይን የሚባለው ሕግ ኮሌጆች ለሴቶችና ለወንዶች እኩል የስፖርት ዕድል እንዲሰጡ ስለሚያስገድድ፣ ትልቅ የወንዶች አሜሪካን ፉትቦል ቲም ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ሚዛኑን ለመጠበቅ ትልልቅ የሴቶች ቀዘፋ ቲም አቋቁመዋል። በሩ ሰፋ ይላል ያልኩት ለዚህ ነው።

የወንዶቹ ኤንሲኤኤ ውስጥ የለም። ትልቁ ውድድራቸው አይአርኤ የሚባለው ነው፣ ከ1895 ጀምሮ ያለ። ግን ልብ በዪ፣ የወንዶች ቲም ሴት ኮክሰን ይወስዳል፣ በጣም የተለመደ ነው። ኬትሊን ስናይደር ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን የወንዶቹን ጀልባ ስትመራ ቆይታ ነው በኋላ 2016 ሪዮ ላይ የአሜሪካን ሴቶች ስምንት ይዛ ወርቅ የወሰደችው። ስለዚህ ሊስት ስታወጪ የሴቶቹንም የወንዶቹንም ኮች ጻፊ።

ሦስተኛው የክለብ ቲም ነው። ዩኒቨርሲቲው እንደ ቫርሲቲ (የትምህርት ቤቱ ኦፊሴላዊ ቲም) የማይከፍልላቸው፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው መዋጮ እያዋጡ የሚሠሩት። ይሄን አትናቂው። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሴቶች ቫርሲቲ ናቸው፣ 2010 እና 2012 የኤንሲኤኤ ሻምፒዮን ሆነዋል፣ ወንዶቹ ግን ክለብ ናቸው፣ ሆኖም በጠዋት ተነስተው በደንብ ይሠራሉ። ክለቦች ኤሲአርኤ የሚባል የራሳቸው ብሔራዊ ሻምፒዮና አላቸው።

2. ከድምፅሽ በፊት መሪሽን አስተካክዪ

ብዙ ልጆች ኮክሰን ሲሆኑ መጀመሪያ የሚያስጨንቃቸው ምን ልበል የሚለው ነው። እኔ በፍጹም አልስማማም። ኮች መጀመሪያ የሚያየው ጀልባው ቀጥ ብሎ ይሄዳል ወይ፣ ዶክ ላይ ሳይጋጭ ያርፋል ወይ፣ ሌላ ጀልባ ሲመጣ ቀድማ ታያለች ወይ ነው። አፏ የጣፈጠ መሪዋ የጠመመ ልጅ ማንም አይፈልግም፣ አንድ ስምንት ጀልባ የቅንጡ መኪና ዋጋ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሩቅ ያለ ነጥብ ምረጪ፣ ዛፍ ይሁን የድልድይ ምሰሶ፣ ዓይንሽን እዛ ላይ አድርጊ እንጂ የጀልባውን አፍንጫ አትዪ። ገመዱን ስትነኪ ጀልባው ወዲያው አይሰማም፣ ዘግይቶ ነው የሚዞረው፣ አዲስ ልጅ ታዲያ አልዞረም ብላ ትጨምራለች ከዛ ከሚገባው በላይ ይዞርና መመለስ ትጀምራለች፣ እባብ የሚመስለው መንገድ የሚመጣው ከዚህ ነው። ትንሽ ንኪ፣ ቀድመሽ ንኪ፣ ጠብቂ። መሪው በዞረ ቁጥር ጀልባውን እንደሚያዘገየው አትርሺ፣ ትልቅ ኩርባ ሲሆን በገመድ ብቻ አትታገዪ፣ አንዱን ጎን ጠንከር አድርገው እንዲቀዝፉ እዘዢ፣ እሱ ነው በደንብ የሚያዞርሽ።

ሄድ ኦፍ ዘ ቻርልስ ላይ የመሪነት ዕድል ካገኘሽ አትለፊው። ቦስተን ኦክቶበር ላይ የሚደረግ፣ ከ1965 ጀምሮ ያለ፣ 4.8 ኪሎሜትር ገደማ የሚሆን ውድድር ነው፣ ወንዙ ይጠማዘዛል፣ ድልድዮቹ ብዙ ናቸው፣ ዊክስና ኤሊየት ድልድይ ላይ ያለው መዞሪያ ልምድ ያለውን ሰው ሳይቀር ይፈትናል። እዛ ንጹሕ መስመር የያዝሽበት ቪዲዮ ካለሽ ለኮች ከሜዳሊያ በላይ ይናገራል። ካልደረሰሽም ችግር የለም፣ ፊላደልፊያ ሜይ ላይ የሚደረገው ስቶትስበሪም አለ፣ ከ1927 ጀምሮ ያለ የሃይስኩል ውድድር ነው፣ 1500 ሜትር፣ የኮሌጅ ሰዎችም ይመጣሉ።

3. ሪከርዲንግ

ይሄኛው ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ ምክንያቱም አብዛኛው ዕድልሽ ያለው እዚህ ነው። የኮሌጅ ኮች ኮክሰን ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሪከርዲንግ ላኪልኝ ነው።

ትንሽ የድምፅ መቅጃ ግዢ፣ ወይ ስልክሽን ውሃ በማያስገባ ከረጢት አድርገሽ ወገብሽ ላይ እሰሪው፣ ማይኩ ነፋስ እንዳይመታው ከጃኬትሽ ውስጥ ይሁን። ልምምድ በሄድሽ ቁጥር ቅጂ። ውድድር ቀን ብቻ የምትቀጂ ከሆነ ጥሩው አያጋጥምሽም፣ ደሞ ራስሽን መስማት ስላልለመድሽ ትደናገጫለሽ።

ከዛ ቤት ገብተሽ ስሚው። ደስ አይልም፣ ማንም የራሱን ድምፅ መስማት አይወድም፣ ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘሽ ስሚው። አንድ ቃል ስንቴ ደጋገምሽ? "ካም ኦን" እና "ሌትስ ጎ" የሚሉት በየ3 ስትሮኩ (አንድ ቀዘፋ አንድ ስትሮክ ነው) ከመጡ ምንም መረጃ አልሰጠሽም ማለት ነው። ዝም ያልሽበት ቦታ አለ ወይ? ዝምታ መኖር አለበት፣ ቀዛፊዎቹም ጀልባውን መስማት አለባቸው። አንድ ነገር አስተካክሉ ብለሽ ካዘዝሽ በኋላ ተስተካክሏል አልተስተካከለም ብለሽ ነገርሻቸው ወይስ ትተሽው ወደ ሌላ ሄድሽ? እኔ የጥሩ ኮክሰን ምልክት የምለው ይሄን ነው፣ ትናገራለች፣ ታያለች፣ የሆነውን ትመልስላቸዋለች።

ውድድር ላይ መጀመሪያ መረጃ ስጪ። ስንት ሜትር ቀረ፣ ስትሮክ ሬቱ (በደቂቃ ስንቴ እንደሚቀዝፉ) ስንት ነው፣ ከጎናችን ያሉት የት ናቸው። ቀዛፊዎቹ አያዩም፣ ዓይናቸው አንቺ ነሽ። "4ኛ ወንበራቸው ጋ ነኝ፣ 3ኛውን ስጡኝ" ስትያቸው (ወንበር የሚቆጠረው ከጀልባው ፊት ነው) እያንዳንዱ ልጅ የት እንዳለ ያውቃል፣ ለምን እንደሚደክምም ያውቃል። ውሸት ደሞ በፍጹም አትንገሪያቸው፣ እየተበለጡ እየመራን ነው ካልሻቸው አንዴ ነው የሚያምኑሽ። ድምፅሽ ከመጀመሪያው ስትሮክ ጀምሮ ጣሪያ ከነካ መጨረሻ 300 ሜትር ላይ የምትጨምሪው የለሽም፣ ዝቅ ብለሽ ጀምሪ፣ የምትጮሂበትን ቦታ አስቀድመሽ ምረጪ።

ለኮች የምትልኪው 3 ነገር ይሁን። አንዱ ረጋ ያለ ልምምድ፣ ቴክኒክ የምታርሚበት፣ መቅዘፊያቸው ውሃ ውስጥ እኩል ሲገባና ሳይገባ የምትዪው የሚሰማበት። ሁለተኛው ጠንካራ የልምምድ ፒስ፣ ማለትም በኃይል የሚቀዘፍ የተወሰነ ርቀት ወይ ደቂቃ። ሦስተኛው ሙሉ ውድድር፣ ከስታርት እስከ መጨረሻ ሳይቆረጥ። ያሸነፋችሁበት መሆን የለበትም፣ እንደውም የተበላሸ ነገር ኖሮ እንዴት እንዳረጋጋሻቸው የሚሰማበት ይበልጣል። እያንዳንዱ ፋይል ላይ ቀኑን፣ የጀልባውን ዓይነት፣ ምን ልምምድ እንደነበር ጻፊ፣ ረጅም ከሆነ የትኛው ደቂቃ ላይ ምን እንዳለ አመልክቺ። ኮቹ ብዙ ልጅ ነው የሚሰማው፣ ፈልጎ እስኪያገኝ አይጠብቅሽም።

4. ልምምዱን የምታስኬጂበት መንገድ

የኮሌጅ ኮች ለሃይስኩል ኮችሽ ይደውላል፣ ይሄን እርግጠኛ ሁኚ። የሚጠይቀው በሰዓቱ ትመጣለች ወይ፣ ልምምዱን አንዴ ነግረሃት ትይዘዋለች ወይ፣ ቀዛፊዎቹ ይሰሟታል ወይ፣ ጓደኝነትና ሥራን ትለያለች ወይ። ስለዚህ ደብተር ያዢ፣ የቀኑን ልምምድ ጻፊ፣ ኪስሽ ውስጥ 7/16 እና 10 ሚሊሜትር ቁልፍ፣ ፕላስተር፣ ትርፍ ብሎን ይኑር፣ ኮክስ ቦክሱን (የማይክሽን ድምፅ ማጉያ) ማታ ቻርጅ የምታደርጊው አንቺ ሁኚ። "ዌይ እናፍ" ብለሽ ስታቆሚያቸው ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚቆሙ ከሆነ፣ ያ በጩኸት አይመጣም፣ ስላመኑሽ ነው።

ሲዝኑ ሲያልቅ ቀዛፊዎችሽ ስም ሳይጽፉ አስተያየት እንዲሰጡሽ ኮችሽን ጠይቂ፣ ብዙ ኮሌጆች ይሄን ያደርጋሉና ከአሁኑ ልመጂው። የሚያም ነገር ይጽፉልሻል፣ አንብቢውና አንድ ሁለቱን መርጠሽ በሚቀጥለው ሲዝን ሥሪበት።

ኧርጉንም አትራቂው። መቅዘፍ የማታውቅ ልጅ ቴክኒክ ልታርም አትችልም፣ ዊንተር ላይ አብረሻቸው ከተቀመጥሽ ደሞ ስፖርቱ ምን ያህል እንደሚያም ታውቂያለሽ፣ እነሱም ያከብሩሻል።

5. ክብደት

በኮሌጅ ለሴቶች ጀልባ የኮክሰን ዝቅተኛ ክብደት 110 ፓውንድ ነው፣ 50 ኪሎ ገደማ። ለወንዶች 125 ፓውንድ፣ 57 ኪሎ ገደማ። በዓለም አቀፍ ውድድር 55 ኪሎ ነው። ከዛ በታች ከሆንሽ ልዩነቱን በከረጢት ተሸክመሽ ነው የምትገቢው፣ ስለዚህ ከመስፈርቱ በታች መቅጠን ለጀልባው ምንም አይጠቅምም። ትንሽ ከፍ ያልሽ ከሆነም በጥሩ መሪ ይካካሳል። 16 ዓመት ልጅ ሆነሽ ለሚዛን ብለሽ ምግብ አትተዪ፣ ይሄን የሚጠይቅሽ ቲም ካለ ሌላ ቲም ፈልጊ።

እዚህ ላይ ስለ ጾም። የጸደይ ሲዝኑና ዐቢይ ጾም አንድ ላይ ነው የሚመጡት፣ 55 ቀን ሙሉ። የሃይስኩል ልምምድ ደሞ ብዙ ጊዜ ከ9 ሰዓት በኋላ ስለሆነ እስከ 9 ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ ባዶ ሆድሽን ቀጥታ ወደ ውሃው ነው የምትሄጂው። ከነፍስ አባትሽና ከእናትሽ ጋር አስቀድመሽ ተነጋገሪ፣ ለኮችሽም ንገሪ፣ ቦርሳሽ ውስጥ ቆሎ፣ በሶና ውሃ ይኑር። ኮክሰን ስለማትንቀሳቀስ ከሁሉም በላይ የሚበርዳት እሷ ናት፣ ማርች ላይ ወንዙ ገና በረዶ ነው፣ ደራርበሽ ልበሺ፣ ላይፍ ጃኬት አድርጊ። ደሞ ውሃ ዋና ተማሪ። ብዙ ቲሞች የዋና ፈተና ይፈትናሉ፣ እናትሽም ዋና እንደምትችዪ ካወቀች በጠዋት ስትወጪ ትንሽ ትተኛለች።

6. ካላንደሩ

9ኛና 10ኛ ክፍል ላይ የኮሌጆቹን ዌብሳይት ገብተሽ የሪክሩት ፎርም (ኮቹ ለቲሙ ልጅ ለመምረጥ የሚያስሞላው) ሙዪ፣ ማንም አይከለክልሽም። የዲቪዥን 1 ኮች ግን መልስ መጻፍና መደወል የሚችለው ከ10ኛ ክፍል በኋላ ባለው ጁን 15 ጀምሮ ነው። በፊት ጽፈሽ ዝም ካሉሽ ጠልተውሽ አይደለም፣ ሕጉ ነው። ኮሌጁ ወጪ የሚችልልሽ ጉብኝት የሚፈቀደው ደሞ 11ኛ ክፍል ልትጀምሪ ስትዪ ካለው ኦገስት 1 ጀምሮ ነው። ዲቪዥን 1 እና 2 የምትፈልጊ ከሆነ ኤንሲኤኤ ኤሊጂቢሊቲ ሴንተር (ለመወዳደር ብቁ መሆንሽን የሚያጣራው ቢሮ) ተመዝገቢ፣ 16 ዋና ዋና ኮርሶች መውሰድ ግዴታ ነው፣ ይሄን ለአማካሪሽ ገና 9ኛ ክፍል እያለሽ ንገሪያት ምክንያቱም 12ኛ ክፍል ላይ አንድ ኮርስ ጎደለ ቢባል የሚስተካከል አይደለም።

ከ11ኛ ክፍል በኋላ ያለው ሰመር ወሳኙ ነው። ከበድ ያሉት ኮሌጆች ኮቹ ትራንስክሪፕትሽን ለአድሚሽን ቢሮ ሰጥቶ ትገባለች አትገባም የሚለውን አስቀድሞ ያስጠይቃል። ስለዚህ ውጤትሽ ከሪከርዲንግሽ እኩል ይቆጠራል። ኮች በአንድ ዓመት የሚይዘው የኮክሰን ቦታ በጣም ጥቂት ነው፣ ሁለት እኩል ልጆች ካሉ ያለ ጭንቅ አድሚሽን የምታልፈውን ነው የሚመርጠው።

7. ኢሜይሉን አንቺ ጻፊው

አባትሽ አይጻፍልሽ፣ ገንዘብ ተቀብሎ የሚጽፍልሽ ድርጅትም አያስፈልግሽም። ሰብጀክቱ ላይ ስምሽ፣ ኮክሰን መሆንሽ፣ የምትመረቂበት ዓመት። ውስጡ አጭር ይሁን። የት ትምህርት ቤት፣ ከየትኛው ጀልባ ጋር ምን ውድድር፣ ክብደት፣ ጂፒኤ፣ ኤስኤቲ ካለሽ፣ የሪከርዲንግ ሊንክ፣ የኮችሽ ስልክና ኢሜይል። ከዛ ለምን ይሄን ኮሌጅ እንደፈለግሽ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ እውነተኛ የሆነ፣ ለሁሉም የሚላክ ዓይነት ያልሆነ። በየሲዝኑ መጨረሻ አዲስ ውጤትና አዲስ ሪከርዲንግ ላኪ። ካልመለሱልሽ ከ2 ሳምንት በኋላ አንዴ አስታውሺያቸው።

ሲደውሉልሽ የምትጠይቂያቸው ይኑርሽ፦ አሁን ስንት ኮክሰን አላችሁ፣ በየትኛው ዓመት ናቸው፣ ጀልባ እንዴት ነው የምትመድቡት፣ ኮክሰኖችን ለብቻ የሚያሠለጥን ሰው አለ ወይ? የመጨረሻው በጣም ይለያል፣ አንዳንድ ቲም ኮክሰኗን ጀልባ ላይ አስቀምጦ ይረሳታል። ጉብኝት ስትሄጂ ደሞ ኮቹን ትተሽ ቀዛፊዎቹ ኮክሰናቸውን እንዴት እንደሚያናግሯት እዪ።

8. ብር

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለኮክሰን ሙሉ ስኮላርሺፕ ብዙ አይገኝም። አይቪ ሊግና ዲቪዥን 3 ጭራሽ የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም። ግን አይቪዎቹ የቤተሰብ ገቢ አይተው የሚሰጡት ድጋፍ ጠንካራ ነው፣ ታክሲ ለሚነዳ አባትና ሆስፒታል ለምትሠራ እናት ብዙ ጊዜ ከስፖርት ስኮላርሺፑ የሚበልጠው እሱ ነው። ፋፍሳና ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባሉትን የገንዘብ ድጋፍ መጠየቂያ ፎርሞች በጊዜ ሙሉ፣ ኮሌጁ ዌብሳይት ላይ ያለውን የዋጋ ማስያ ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት ከወላጆችሽ ጋር ተቀምጣችሁ ሥሩት። ዲቪዥን 1 ላይ ደሞ ከ2025 ወዲህ ሕጉ ተቀይሯል፣ ለአትሌቶች በቀጥታ መክፈልን የሚፈቅደውን አዲሱን የፍርድ ቤት ስምምነት የተቀበሉ ኮሌጆች የሴቶች ቀዘፋ ቲማቸው ከ68 ልጅ መብለጥ አይችልም፣ ስለዚህ ኮቹን ስለ ብር ስትጠይቂ ዝርዝሩ ላይ ቦታ አለ ወይ ብለሽም ጠይቂ።

9. ሪክሩት ካልሆንሽ

ገብተሽ መጠየቅ አለ። ብዙ ቲሞች ያለ ሪክሩት የሚመጣ ልጅ ይቀበላሉ፣ ክለቦች ደሞ ጭራሽ በራቸው ክፍት ነው። ኮሌጅ እንደተቀበለሽ ባወቅሽ ሳምንት ለኮቹ ጻፊ፣ ሴፕቴምበር አትጠብቂ። የወንዶቹንም ኮች ጠይቂ፣ ወንዶቹ ጋ ኮክሰን ሲጎድል ብዙ ጊዜ የሚሞላው እንዲህ ነው። ገና የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ቦት ሃውስ (ጀልባዎቹ የሚቀመጡበት ቤት) ሂጂ፣ ጀልባ ካልሰጡሽ ከኮቹ ጋር ሞተር ጀልባው ላይ ተቀመጪና ቀዛፊዎቹን ከጎን እዪ፣ ስማቸውንና ወንበራቸውን ያዢ፣ የወንዙን ካርታ አትመሽ ድልድዮቹንና ጥልቀት የሌለውን ቦታ ምልክት አድርጊበት። አንድ ቀን የነሱ ኮክሰን ታማ ስትቀር መንገዱን የምታውቂው አንቺ ትሆኛለሽ።